ገጹን በጆሮ ማንበብ፦ የድረ ገጽ ተደራሽነት ሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ድረ ገጹ የርቀት ሥልጠና የሚሰጥ ነው። ጽሑፎች አሉት፣ የኮርሶች ዝርዝር አለው፣ የምዝገባ ፎርም አለው፣ ዓመታት ያጠራቀማቸው ሰነዶችም አሉት። ሥራው የተጀመረው አንድ ዓይነ ስውር ሠልጣኝ ኮርስ መርጦ፣ ፎርሙን ሞልቶ፣ መጨረሻ ላይ መላክ ስላቃተው ነው። ሰውየው ኮምፒውተር አሳምሮ ይጠቀማል። እንቅፋት የሆነበት ገጹ ነው።

መለኪያ ያደረግነው ደብሊውሲኤጂ 2.2 የተባለውን ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ነው፤ ደረጃውም ኤኤ፣ ከሦስቱ ደረጃዎች መካከለኛው። የመመሪያው የመጀመሪያ እትም እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፣ ይህኛው ደግሞ በ2023። ረጅም ነው። ደግነቱ መስፈርቶቹ «አለ ወይስ የለም» ብሎ ለመፈተሽ በሚያመች መንገድ ተጽፈዋል።

ከሥራው ጋር አንዲት ዓይነ ስውር የሆነች ባለሙያ አለች። ገጹን በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ ትፈትሻለች፤ ለሥራዋም ይከፈላታል። ይህን ገና ከጅምሩ ነው የተስማማነው። እንደማንኛውም የሶፍትዌር ፍተሻ ሙያ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። በ«እስቲ እባክሽ አንዴ እይልን» የሚሠራ አይደለም።

ሰኞ፦ ያለ ማውስ

ማውሱን ነቅዬ ታብ ብቻ እየተጫንኩ ከመነሻ ገጹ እስከ ምዝገባው ለመሄድ ሞከርኩ። ይህ ምንም መሣሪያ የማይፈልግ ፈተና ነው። ማንም ሰው ዛሬውኑ በራሱ ገጽ ላይ ሊሞክረው ይችላል።

መጀመሪያ ያጣሁት የት እንዳለሁ ነው። ታብ በተጫንን ቁጥር የደረስንበትን ሊንክ ወይም ቁልፍ የሚከብብ መስመር መታየት አለበት። ብራውዘሮች ይህን በራሳቸው ይሠራሉ። እኛ ገጽ ላይ ግን «ዲዛይኑን ያበላሻል» ተብሎ በአንድ መስመር ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስን ኮድ) ጠፍቷል። ያቺን መስመር አነሳኋት፤ ወፈር ያለ ጥቁር ሰማያዊ ክፈፍ ተካሁበት። እጁ እየተንቀጠቀጠ ማውስ መቆጣጠር የማይችል ሰው ያለ እሱ ገጹ ላይ ይጠፋል።

ሜኑው የሚከፈተው ማውስ ሲያንዣብብበት ብቻ ነበር። አሁን በኢንተር ይከፈታል፣ በኢስኬፕ ይዘጋል።

ከዚያ «ተመዝገብ» የሚለው ጋ ደረስኩ። ለዓይን አረንጓዴ፣ ጠርዙ የለሰለሰ፣ ያማረ ቁልፍ ነው። ኮዱ ውስጥ ግን ዲቭ ነው፤ ምንም ትርጉም የሌለው ባዶ ሣጥን፣ ክሊክ ሲደረግ እንዲሠራ ጃቫስክሪፕት የታሰረበት። ታብ ዘሎት ያልፋል። ስክሪን ሪደሩ ሲደርስበት «ተመዝገብ» ብሎ ያነበዋል፣ ቁልፍ መሆኑን ግን አይናገርም። ለሰሚው ተራ ጽሑፍ ነው። ሠልጣኙ ያለፈው ሰምቶት ነው፤ የሚጫኑት ነገር መሆኑን የነገረው የለም።

ሁለት መፍትሔ ነበረን። አንደኛው ዲቩን እንዳለ ትቶ በላዩ ላይ መጨመር ነው፦ ቁልፍ መሆኑን የሚናገር መለያ፣ ታብ እንዲደርስበት የሚያደርግ ሌላ መለያ፣ ኢንተርንና ስፔስን የሚሰማ ኮድ። ሁለተኛው ዲቩን አውጥቶ ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤል፣ ራሱ ያለውን ቁልፍ፣ በተንን፣ ማስገባት። ሁለተኛውን መረጥን። በተን ይህን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ኤሪያ የሚባሉትን የተደራሽነት መለያዎች የሚያወጣው ደብሊውሦስትሲ ራሱ የሚመክረው ይህንኑ ነው፦ ሥራውን የሚሠራ የኤችቲኤምኤል አካል ካለ እሱን ተጠቀም።

ከዚህ በኋላ ባየነው ሁሉ ያው ነገር ተደጋገመ። ገጹ ላይ የምንጨምረው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሥራ ኤችቲኤምኤል ሰጥቶን እኛ የነጠቅነውን መመለስ ነው።

ማክሰኞ፦ እሷ ስታዳምጥ

ዛሬ ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ ነበር ሥራዬ። የምትጠቀመው ኤንቪዲኤ ነው፤ በነፃ የሚገኝ የዊንዶውስ ስክሪን ሪደር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራውን የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ፣ ራሱም ዓይነ ስውር ነው።

ድምፁን በጣም አፍጥናዋለች። ለእኔ ጆሮ አንድ ላይ የተጨፈለቀ ድምፅ ነው፣ ለእሷ ግልጽ ንግግር። ደግሞም ገጹን ከላይ ጀምራ አላዳመጠችም። ኤች የምትለዋን ፊደል ተጫነች። ኤንቪዲኤ ላይ ኤች ወደሚቀጥለው ርዕስ ይወስዳል። ዓይናማ ሰው ገጹን ቃኝቶ ትልልቁን ጽሑፍ እንደሚፈልገው፣ እሷም በኤች ትቃኛለች።

መልሱ «ቀጣይ ርዕስ የለም» ሆነ።

ርዕሶቹማ አሉ፤ ደማቅ፣ ትልልቅ፣ ቀለም የተቀቡ። ግን በኮዱ ውስጥ ፊደላቸው የተለቀ አንቀጾች ናቸው እንጂ ርዕስ አይደሉም። ገጹ በሙሉ ለእሷ መግቢያና መውጫ የሌለው አንድ ረጅም ጽሑፍ ነው።

ቀጥላ የሊንኮቹን ዝርዝር ከፈተች። «ተጨማሪ ያንብቡ፣ ተጨማሪ ያንብቡ፣ እዚህ ይጫኑ፣ ተጨማሪ ያንብቡ...» እያለ ወረደ። ዓይናማ ሰው ከሊንኩ በላይ ያለውን ርዕስና ፎቶ አይቶ ስለምኑ እንደሆነ ይረዳል። በዝርዝር ሲወጡ ግን ሁሉም አንድ ናቸው።

«እዚህ ይጫኑ የሚለው የትኛው እዚህ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ ርዕሶቹን በሙሉ በደረጃቸው አስተካከልን። የገጹ ዋና ርዕስ ኤች1፣ ክፍሎቹ ኤች2፣ ንዑሶቹ ኤች3። ሊንኮቹ የሚወስዱበትን ስም ያዙ፦ «ተጨማሪ ያንብቡ» የነበረው «የሒሳብ አያያዝ ኮርስ ዝርዝር» ሆነ። ገጹ አናት ላይ ደግሞ «ወደ ዋናው ይዘት እለፍ» የሚል ሊንክ ገባ፤ ሜኑውን በእያንዳንዱ ገጽ ከመጀመሪያው ጀምሮ መስማት እንዳይኖርባት።

ረቡዕ፦ ገጹ በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?

ጽሑፉ አማርኛ ነው፣ ኮዱ ግን እንግሊዝኛ ነኝ ይላል። ገጹ የተሠራበት ቴምፕሌት ከውጭ የመጣ ስለሆነ የቋንቋ መለያው እንደነበረ ቀርቷል። ስክሪን ሪደር የሚናገርበትን ድምፅ የሚመርጠው ይህን መለያ አይቶ ነው። በእንግሊዝኛ ድምፅ አማርኛ አንብብ ሲባል ምን ሊያነብ ይችላል?

ለአማርኛ የተመደበው ኮድ ሁለት ፊደል ነው፣ «ኤኤም»። ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ድምፅ አማርኛን ያውቃል። ድምፁ የማሽን ነው፣ ለዛ የለውም፤ ግን ያነባል። መለያውን ቀይረን ገጹን ስንከፍተው ያለምንም ተጨማሪ ነገር ማንበብ ጀመረ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ በዚህ ያህል ትንሽ ልፋት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣ የለም። የአማርኛ ድረ ገጽ ያላችሁ፣ ይቺን አንድ ቃል ዛሬ ተመልከቷት።

በአማርኛው መሃል ሙሉ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ሲመጣ ለብቻው መለያ ሰጠነው። ለነጠላ ቃል አልተጨነቅንም።

ሐሙስ፦ ሥዕሎች

በኮዱ ውስጥ የጽሑፍ ገለጻ የሌለው ሥዕል ሊንክ ሲሆን ስክሪን ሪደሩ የፋይሉን ስም ወይም አድራሻውን ማንበብ ይጀምራል። የኛዎቹ ብዙዎቹ ከካሜራ እንደወጡ ስለተጫኑ የሚሰማው የፊደልና የቁጥር ጋጋታ ነው።

ለሁሉም ሥዕል ገለጻ አልጻፍንም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ሥዕል ቢወጣ አንባቢው ምን ያጣል?» ነው። ምንም የማያጣ ከሆነ ገለጻው ባዶ ይሁን፤ ያኔ ስክሪን ሪደሩ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ባዶ ማድረግና ጭራሽ አለመጻፍ ይለያያሉ። ለጌጥ የገቡት ቅጠሎችና መስመሮች ሁሉ ባዶ ሆኑ።

አንድ ሥዕል ግን ለብቻው ረጅም ሰዓት ወሰደ። የምዝገባውን ሂደት የሚያሳይ፣ በሣጥንና በቀስት የተሠራ ፖስተር ነው። «መጀመሪያ ይህን አዘጋጁ፣ ቀጥሎ ይህን ሙሉ» የሚለው መመሪያ በሙሉ ያለው ሥዕሉ ውስጥ ነው። ቀደም ብሎ የተሰጠው ገለጻ «የምዝገባ ሂደት» ይላል። ፈታሽ ሶፍትዌሩ ገለጻ መኖሩን አይቶ አልፎታል። ሶፍትዌር ገለጻ መኖሩን ያያል፣ ገለጻው የሚጠቅም መሆኑን ግን ሰው ነው የሚያውቀው።

ፖስተሩን በተራ ቁጥር ወደተጻፈ ዝርዝር ቀየርነው። ሥዕሉን ከዝርዝሩ በታች ተውነው፣ የሚወዱት አሉና። ዝርዝሩ በስልክ ለሚያነቡ ሁሉ ተመቸ። በትንሽ ስክሪን ላይ ፖስተሩን እያሰፉ መከታተል ለማንም አድካሚ ነበር።

አርብ፦ ቀለም

ዌብኤይም የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በየዓመቱ የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን መነሻ ገጽ ይፈትሻል። በየዓመቱ ጎልቶ የሚወጣው ጉድለት ያው ነው፦ ከጀርባው ያልተለየ፣ የደበዘዘ ጽሑፍ። የኛም ገጽ እዚያው ውስጥ ነው።

መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ ኮንትራስት (የጽሑፉና የጀርባው የብርሃን ልዩነት) ይጠይቃል፣ ለትልልቅ ጽሑፍ 3 ለ1። ቀኖቻችንና የፎርም ማብራሪያዎቻችን በነጭ ላይ #999999 በሆነ ግራጫ የተጻፉ ናቸው። ሲለካ 2.85 ለ1 ነው። ዲዛይነራችን ግራጫነቱ እንዲቀር አልፈለገም። #777777 ሞከርን፤ 4.48፣ ለጥቂት ወደቀ። #767676 ደግሞ 4.54፣ አለፈ። እኔ ግን እዚያ ድንበሩ ላይ መቆም አልፈለግሁም። ምክንያቴ ፊደላችን ነው።

«ሉ» እና «ሊ»ን አስቡ። የሚለያቸው ከቀኝ እግራቸው የምትወጣ አንዲት ጭረት ናት፤ ለአንዱ መሃል ላይ፣ ለሌላው ታች። በቀጭን ፎንት፣ በትንሽ መጠን፣ በደብዛዛ ግራጫ ሲጻፍ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ጭረት ናት። ዓይኑ የደከመ ሰው ከአረፍተ ነገሩ እየገመተ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ግራጫውን ወደ #595959 አጠቆርነው፣ 7 ለ1 ነው። የፊደሉን መጠን ጨመርን፣ የመስመሩን ርቀትም የፊደሉ አንድ ተኩል አደረግነው። ዲዛይነሩ በስልኩ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ሁለቱን ካስተያየ በኋላ በዚህ ተስማማ።

በቀለም ብቻ የሚነገር ነገርም አገኘን። ክፍት ኮርስ አረንጓዴ ነጥብ፣ የተዘጋ ኮርስ ቀይ ነጥብ። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ሁለቱ አንድ ይሆኑበታል። አጠገባቸው «ክፍት» እና «ተዘግቷል» ብለን ጻፍን።

ቀጣዩ ሳምንት፣ ሰኞና ማክሰኞ፦ ፎርሙ

የፎርሙ ሣጥኖች ስም የላቸውም። «ሙሉ ስም» የሚለው ሣጥኑ ውስጥ በደብዛዛ ተጽፎ፣ መጻፍ ስንጀምር የሚጠፋ ነው። መሃል ላይ ስልክ ተደውሎለት የተመለሰ ሰው የትኛው ሣጥን የምን እንደሆነ ለማወቅ የጻፈውን ማጥፋት አለበት። ሁሉም ሣጥን ከላዩ ቋሚ ስም፣ በኮዱም ውስጥ ከሣጥኑ ጋር የተያያዘ ሌብል አገኘ።

ስህተት ሲኖር ሣጥኑ ቀይ ይሆናል፣ ሌላ ምንም አይነገርም። ለስክሪን ሪደር ተጠቃሚ ይህ ዝምታ ነው። ላክ ይላል፣ አይሄድም፣ ለምን እንደሆነ አያውቅም። አሁን ያልተስተካከሉት ነገሮች ፎርሙ አናት ላይ ይዘረዘራሉ፤ ኪቦርዱም በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ መስመርም ወደ ሣጥኑ የሚወስድ ሊንክ ነው። «ስህተት» ብቻ ይል የነበረው «የልደት ዓመት በ4 አሃዝ ይጻፍ» ይላል።

ከዚያ ያቺ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» የምትለው ሥዕል። የተጣመሙ የላቲን ፊደላት ናቸው፤ በድምፅ ልስማው ላለ ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ በጫጫታ መሃል የሚነበቡ ቁጥሮች። ማየትም መስማትም ለሚቸገር ሰው መውጫ የለውም። ሙሉ በሙሉ አነሳናት። በምትኩ ሰው የማያየው፣ አውቶማቲክ ፕሮግራም ግን የሚሞላው ሣጥን አስገባን፤ እሱ ከተሞላ ምዝገባው ይጣላል። ሌላው ማረጋገጫ ወደ ኢሜይል የሚላክ ሊንክ ነው። ልብ መባል ያለበት፦ ያ ስውር ሣጥን ከስክሪን ሪደርም መደበቅ አለበት፤ አለዚያ ዓይነ ስውሩ ሞልቶት እንደ ሮቦት ይቆጠራል።

ፓስወርድ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ተከልክሎ ነበር። ፈቀድን። ፎርሙ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሳያስጠነቅቅ ይዘጋና የተጻፈውን ሁሉ ያጠፋ ነበር። ቀስ ብሎ ለሚጽፍ ሰው ይህ ከምንም በላይ ያበሳጫል። መመሪያው ማስጠንቀቂያና ለማራዘም ቢያንስ 20 ሰከንድ ይጠይቃል። ማስጠንቀቂያውን አስገባን፤ የተጻፈውም እንዲቀመጥ አደረግን።

ረቡዕ፦ ፍለጋው

ይህ በማንኛውም መመሪያ ውስጥ አልተጻፈም። ያመጣችው እሷ ናት።

የፍለጋው ሣጥን ላይ «ስልጠና» ብላ ጻፈች። ምንም አልመጣም። ገጹ ላይ በሙሉ የተጻፈው «ሥልጠና» ነው። ዓይናማ ሰው ገጹን አይቶ በየትኛው ሠ እንደተጻፈ ያውቃል፣ ደግሞ ይሞክራል። እሷ የምትሰማው ድምፅ አንድ ነው። ፊደል በፊደል ብታስነብበውም ሁለቱም «ስ» ናቸው።

ፍለጋው ከማነጻጸሩ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ወደ አንድ እንዲያመጣ አደረግን፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኸን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን፣ ከነቤተሰቦቻቸው። ገጹ ላይ የሚታየው ጽሑፍ አልተነካም፤ ለውጡ ያለው ፍለጋው ውስጥ ብቻ ነው። ለሁሉም አንባቢ ጠቀመ። ፊደል እየለየ የሚጽፍ ስንት ሰው አለ?

ሐሙስና አርብ፦ ሰነዶቹ

ትልቁ ሸክም እዚህ ነው። ሰነዶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ወረቀት ስካን ተደርጎ ፒዲኤፍ የሆነ ነው። ለስክሪን ሪደር ባዶ ገጽ ነው፤ ጽሑፍ የለውም፣ ፎቶ ነው። ቴሰራክት በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ወደ ጽሑፍ እየቀየርን ነው፤ አማርኛ ያነባል። ግን ስካኑ የደበዘዘ ከሆነ ያቺን የ«ሉ» እና «ሊ» ጭረት እሱም ይስታል። ሰው ቁጭ ብሎ ማረም አለበት።

ሁለተኛው ይበልጥ አሳሳች ነው። ፋይሉ ሲከፈት ጥሩ አማርኛ ይታያል። ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። የተጻፈው ከዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት) በፊት በነበሩት ፎንቶች ነው፤ የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በሚስሉት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። እነዚያ ፎንቶች ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት አገልግለዋል። ዓይን አማርኛ ያያል፣ ስክሪን ሪደር የሚያገኘው ከሥር ያለውን ዝብርቅርቅ ነው። በፍለጋም አይገኝም። ፋይሎቻችሁን መለየት ከፈለጋችሁ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ፤ ወዲያው ይታወቃል። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም አለ፣ ፎንቱ የትኛው እንደሆነ ከታወቀ።

ሁሉንም ባንዴ አንጨርስም። ብዙ ሰው የሚያወርዳቸውን አስቀደምን። ከፒዲኤፍ ይልቅ ተራ ድረ ገጽ አድርገን እያወጣናቸው ነው፤ በስልክም ሲያሰፉት ጽሑፉ ራሱን ያስተካክላል።

ሦስተኛው ሳምንት፦ የሚጽፉት ሰዎች

አንድ የሥራ ባልደረባችን ገጹን በአንድ መስመር ኮድ «ተደራሽ» የሚያደርግ ተደራቢ ፕሮግራም እንግዛ ብሎ ነበር። አልተስማማሁም። ስክሪን ሪደር ተጠቃሚው የራሱ መሣሪያ አለው፣ በልኩ አስተካክሎታል። የጎደለው ሥርዓት ያለው ገጽ ነው። ዲቩ ዲቭ ሆኖ ከቀረ ከላዩ የሚለጠፈው ነገር ፋይዳ የለውም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ነገ አዲስ ጽሑፍ የሚያወጣው ሰው ርዕሱን በደማቅ ፊደል ከጻፈ፣ ፖስተር ከለጠፈ፣ «እዚህ ይጫኑ» ካለ፣ የተሠራው ሁሉ በጥቂት ወር ተመልሶ ይበላሻል። ስለዚህ ማስተካከያውን ጽሑፍ የሚገባበት ቦታ ላይ አደረግነው። የፊደል መጠን መምረጫው ተነሳ፣ ርዕስ በደረጃው ብቻ ይመረጣል። ሥዕል ያለ ገለጻ አይወጣም፤ ወይም «ለጌጥ ብቻ» የሚለው መመረጥ አለበት።

ጸሐፊዎቹን ሰብስበን መመሪያ አላነበብንላቸውም። እሷ መጣችና ራሳቸው ያለፈው ወር ያወጡትን ጽሑፍ በስክሪን ሪደር ከፈተችላቸው፣ ፍጥነቱን ቀንሳ። አንዷ ጸሐፊ የራሷን «እዚህ ይጫኑ» እንደሰማች «ቆይ፣ እኔ ነኝ ይቺን የጻፍኳት፤ አሁኑኑ ላስተካክላት» ብላ ላፕቶፗን ከፈተች።

ያለንበት

ዛሬ እሷ ምዝገባውን ከመነሻ ገጹ ጀምራ እስከ ኢሜይል ማረጋገጫው ብቻዋን ጨረሰች። እኔ ምንም አላልኩም። ሁለት ነገር አስመዘገበች፦ የቀን መምረጫው ካላንደር በኪቦርድ ወር መቀየር አይችልም፤ ፎርሙ ሲላክ «ተልኳል» የሚለው ይታያል እንጂ አይነበብም። ሁለተኛውን እዚያው አስተካከልነው። ካላንደሩን አውጥተን በእጅ የሚጻፍ ሣጥን ልናደርገው ነው።

የቀሩት ቪዲዮዎቹ ናቸው። መስማት ለተሳናቸው የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር ያስፈልጋቸዋል፤ ቪዲዮው ላይ በዝምታ የሚታየውም በድምፅ መገለጽ አለበት። ገጹን እስከ 400 በመቶ ሲያሰፉት ደግሞ ከላይ የሚጣበቀው ባነር ግማሹን ስክሪን ይሸፍናል። ባነሩ የእኔ ነው፣ ሰኞ እጀምረዋለሁ። ለቪዲዮዎቹ በዚህ ሳምንት የሚጽፍ ሰው እየፈለግን ነው፤ መጀመሪያ የሚሠራው የምዝገባ መመሪያው ቪዲዮ ነው።